የደሴ–አዲስ አበባ አውቶቡስ፦ ሾፌሩ ጎበዝ ነው፣ ሰዓቱ ግን አይታመንም

ሰሞኑን ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄጄ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ስለ አገልግሎቱ ግን የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

ወንበሩ ምቹ ነው፣ እግር ይዘረጋበታል። ውሃ ያድላሉ። ሾፌሩ ደግሞ እጁ ይባረክ! ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ማንንም ሳያንገላታ ወረደው። ጣርማበር ላይ ጉም ሲገጥመን መብራቱን አብርቶ ቀስ አለ። ለሱ ሙሉ ማርክ ሰጥቻለሁ።

ሰዓቱ ላይ ግን በጣም ተናድጃለሁ። ትኬቱ መነሻ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይላል። ተሳፋሪው በጊዜ ገብቷል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ የለም። መጀመሪያ ወንበር አልሞላም ተባለ። ከዚያ ዕቃ መጣ፤ ዕቃው ሲጫን ደግሞ ባለቤቱና ረዳቱ በሂሳቡ አልተስማሙም፣ ወርዶ እንደገና ተጫነ፣ እኛ ቁጭ ብለን እናያለን። አጠገቤ የነበሩት እናት ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው፣ ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ እየፈቱ ደጋግመው ያዩታል። ረዳቱ «አብሽሩ እናቴ፣ ይኸው ልንነሳ ነው» ይላቸዋል። ጎህ ቀዶ የጦሳ ተራራ ፍንትው ብሎ ከታየ በኋላ ነው የወጣነው።

ቁርስ «30 ደቂቃ ብቻ» ተብሎ ምግቡ ራሱ ከዚያ በኋላ ነው የቀረበው። ደብረ ሲና ላይ ደግሞ ለቆሎ ቆምን። ቆሎው ይጣፍጣል፣ እኔም ገዝቻለሁ፤ ግን እኮ ሻጮቹ መስኮት ድረስ ያመጡታል።

መንገዱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጊዜያችንን የበላው ሩጫው ሳይሆን መቆሙ ነው። ሾፌሩ የባከነውን ሰዓት በፍጥነት ላካክስ ቢል ኖሮ በዚያ ቁልቁለት ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ስናገር «ባቡሩ ሲጀምር ይቀራል» የሚሉኝ አሉ። እኔም ባቡሩን እንደማንም እናፍቃለሁ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሀራ ገበያ ሀዲድ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፣ በጦርነቱም ጉዳት ደርሶበታል። የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የታሰበ ነው። ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን አስቡት፤ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በሀዲድ የሚኬደው በአዋሽ ዞሮ ስለሆነ ከ450 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአማካይ 60 ከሄደ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎም ይፈጃል፣ 80 ከሄደ ደግሞ ስድስት ሰዓት አካባቢ ይገባል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ ስንት ቦታ ይቆማል፣ በየጣቢያው ስንት ደቂቃ ይቆያል የሚለው ነው።

ደግሞ ሀዲዱ ነጠላ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣውም ከአዳማ ወዲህ ነው ድርብ የሚሆነው። በነጠላ ሀዲድ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ስለሆነ አንዱ ከዘገየ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። የጭነት ባቡር ደግሞ 80 ነው የሚሄደው፣ የመንገደኛው ከኋላው ከገባ 120ው ምንም አይጠቅመውም። አዋሽ ላይ ወርደን የድሬዳዋውን ባቡር ጠብቁ ከተባልን፣ የሁለቱ ሰዓት ካልተናበበ፣ ሰው ተመልሶ አውቶቡስ ነው የሚሳፈረው። አዲስ አበባ ዳር ያለው ለቡ ባቡር ጣቢያ ከደረሱ በኋላ ከተማ መግቢያ ታክሲም አለ፣ እሱም ከጉዞው ይቆጠራል። ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳው አሁኑኑ፣ ባቡሩ ሳይመጣ፣ ከጭነት ባቡሩ ጋር ተናቦ ቢታሰብበት ደስ ይለኛል። ጠዋት ከኮምቦልቻ የሚነሳ፣ አዋሽ ላይ የማያስወርድ አንድ ባቡር በየቀኑ በሰዓቱ ቢወጣ ለወሎ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አውቶቡሱ ግን ሀዲድ አያስፈልገውም፣ ዛሬውኑ ሊስተካከል ይችላል። ዕቃ ማታ ይጫን። 11 ሰዓት ከተባለ ሞላም አልሞላም 11 ሰዓት ይውጣ። ቁርስ አንድ ቦታ፣ ምግቡም ቀድሞ ተደውሎ ይታዘዝ። ትኬቱ ላይ የመነሻው ብቻ ሳይሆን የመድረሻውም ሰዓት ይጻፍ፣ ሰው ቀጠሮውን በሱ ይያዝ።

ሂዱበት ወይ ካላችሁኝ፣ ለደህንነቱ አዎ። ቀጠሮ ያለው ሰው ግን በዋዜማው ይሂድ።