የባኞ ገንዳ በምን ይከለል? ብሎኬት፣ ሲሚንቶ ቦርድ ወይስ ፎም ቦርድ

ገንዳው ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ፊቱ ክፍት ነው፤ እግሮቹና ቧንቧዎቹ ይታያሉ። ያንን ከልሎ ሴራሚክ ማልበስ ቀላል ሥራ ይመስላል። ምክር ስትጠይቁ ግን ግንበኛው ብሎኬት ይላችኋል፣ አናጢው ፍሬም ይላችኋል፣ ዕቃ ሻጩ ደግሞ ፎም ቦርድ ያነሣላችኋል። ማንኛቸውም አልተሳሳቱም። እኔ ግን ምርጫውን የምጀምረው ከጥንካሬ አይደለም። ከገንዳው ሥር ያለው ሲፎን (የቆሻሻ ውኃ መውረጃው ጠምዛዛ ቧንቧ) አንድ ቀን ሲያፈስ በየት በኩል እገባለሁ? መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

ይህን ጥያቄ መሮና መዶሻ ናቸው ያስተማሩኝ። የመጀመሪያውን ገንዳዬን በብሎኬት አስከልዬ፣ አስለስኜ፣ ሴራሚክ አስለብሼ አንዲት ቀዳዳ ሳልተው ዘጋሁት። ቆየት ብሎ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ፉጋ (የሴራሚክ መጋጠሚያው መሙያ) ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። ሲጠርጉት ይጠፋል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ጆሮዬን ሴራሚኩ ላይ ለጠፍኩ፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ተፈልፍሎ ሲገባ የተገኘው ጥፋት አንዲት የላላች የፕላስቲክ ዳዶ ነበረች። በእጅ ጠበቅ ስትደረግ ማፍሰሱ ቆመ። የተሰበረውን ሴራሚክ የሚመስል ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ቢሆንም ብሎኬትን አልጠላም። አይበሰብስም፣ ባልዲ ቢመታው ወይም ጉልበት ቢደገፍበት አይነቃነቅም፣ ሠራተኛውም እጁ ለምዶታል። ጣጣው ውፍረቱ ላይ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ ልስን፣ ማጣበቂያና ሴራሚክ ሲጨመር 13 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የገንዳው ከንፈር ብዙ ጊዜ ከዚህ በጣም ጠባብ ስለሆነ ግንቡ ወይ የገንዳውን ሆድ ይገፋል፣ ወይ ከከንፈሩ አልፎ ይወጣና አናቱ ላይ ደፍ ይፈጠራል። ደፍ ሲኖር ውኃ ይተኛበታል፤ ወደ ገንዳው ዘንበል ተደርጎ ካልተሠራ የሻምፑ ጠርሙስ ሥር ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ሌላም አለ፦ ልስኑ በደንብ ሳይደርቅ ሴራሚክ መለጠፍ አይገባም፤ ስለዚህ የብሎኬት ሥራ ቀናት ይወስዳል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ክብደቱንም አስቡት።

ሲሚንቶ ቦርድ፣ ማለትም ከሲሚንቶ የተሠራ ጠፍጣፋ ሰሌዳ፣ በፍሬም ላይ ሲሠራ ከዚህ በብዙ ይቀጥናል። ቦርዱ ራሱ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከኋላው በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ቋሚ ይቆምለታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቦርዱን ውኃ የማያሳልፍ አድርጎ በመቁጠር ነው። ሲሚንቶ ቦርድ ውኃ ያሳልፋል፤ ቁም ነገሩ ርሶ አለመበስበሱና አለመፍረሱ ላይ ነው። ውኃው ከኋላ እንዳይደርስ ከተፈለገ መጋጠሚያው በመረብ ቴፕ ተይዞ ውኃ መከላከያ ቅብ ሁለት ጊዜ መቀባት አለበት። ፍሬሙ የእንጨት ከሆነ መጀመሪያ የሚሞተው ወለሉ ላይ የተኛው ሞራሌ ነው፤ ወለል በታጠበ ቁጥር ከሥር ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ፉጋውም አብሮት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቢያንስ የታችኛውን ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ አሠሩት፤ ካልሆነም ለጂፕሰም ክፍልፋይ የሚያገለግለውን ዚንክ የለበሰ ስስ ብረት ተጠቀሙ። እኔ ብረቱን እመርጣለሁ፤ አይጣመምም፣ ውኃ ልክ ላይ ለማቆምም ይቀላል።

ፎም ቦርድ ውስጡ ጠጣር ፎም ነው፤ ሁለቱ ገጾቹ መረብ ባለበት ስስ የሲሚንቶ ቅብ ተሸፍነዋል። በቢላ ይቆረጣል፣ አንድ ሰው በአንድ እጁ ይሸከመዋል፣ ውስጡም ውኃ አይመጥም። ስለዚህ መሸፈን የሚያስፈልገው መጋጠሚያውና የብሎን ቀዳዳው ብቻ ነው። ጀርባው ላይ መሥመር መሥመር ከተቆረጠለት ይታጠፋል፤ ፊቱ ክብ ለሆነ ገንዳ ከዚህ የሚቀል ነገር አላየሁም። ድካሙ ባዶውን ሳለ ነው፦ ሴራሚክ ሳይለብስ ጉልበት ቢያርፍበት ይጎደጉዳል። ስሱን ገዝቶ ያለ ድጋፍ ማቆም ደግሞ ሲነኩት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ የሚረግብ ገጽ ያተርፋል። ወፍራሙን ውሰዱ፣ ከኋላው ድጋፍ አቁሙለት።

አረንጓዴው ጂፕሰም ቦርድ ርጥበት ይቋቋማል ተብሎ ይሸጣል። የክፍሉን እርጥብ አየር ይችላል፤ ውስጡ ግን ያው ጂፕሰም ነው፣ ውኃ ሲያገኘው ይላላል። ከተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ የሚሠሩት ቺፑድና ኤምዲኤፍማ ጠርዛቸው ውኃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣሉ። እነዚህን ለገንዳ ፊት ማንም ቢያቀርብላችሁ እለፉ።

አሁን ወደ ሲፎኑ መግቢያ ልመለስ። በሦስቱም ዕቃ መግቢያ መተው ይቻላል፤ ልዩነቱ በድካሙ ላይ ነው። በብሎኬት ግንባታው ከመጀመሩ በፊት መታሰብ አለበት፤ በቦርድ ግን ሴራሚክ እስኪለጠፍ ድረስ ሐሳብን መቀየር ይቻላል። ቦታው ሲፎኑ ፊት ለፊት ነው፣ መጠኑም በሙሉ ሴራሚክ ይለካ፤ ያኔ የመክፈቻው ጠርዝ ከፉጋው መሥመር ጋር ስለሚገጥም ዓይን አይይዘውም። 30 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፖርሴሊን (ጠጣሩ የሴራሚክ ዓይነት) ብቻውን 4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። መክፈቻውን በማግኔት ካስያዛችሁት፣ ማግኔቱ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ ይህን ክብደት ይሸከምልኛል ብላችሁ አትመኑ፤ ከሥሩ የሚቆምበት ትንሽ ደረጃ ይኑረው። ዙሪያውን በፉጋ ሲሚንቶ ከደፈናችሁት መክፈቻ መሆኑ ይቀራል፤ በሲሊኮን ዝጉት፣ ሲያስፈልግ በምላጭ ይቆረጣል።

የገንዳው ዓይነትም ምርጫውን ይለውጣል። የብረት ገንዳ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ አክሪሊክ ግን ይተጣጠፋል። 150 ሊትር ውኃ 150 ኪሎ ነው፤ ሰው ሲገባበት ከ200 ኪሎ ያልፋል፣ ከንፈሩም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ገንዳው በራሱ እግሮች ይቁም፤ ግንቡ ላይ ወይም ፍሬሙ ላይ አይጫን። ከላይ ያለው የግድግዳ ሴራሚክም ከንፈሩን አይንካ፤ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ በሲሊኮን ይሞላ። እዚያ ቦታ ፉጋ ሲሚንቶ ያደረገ ሠራተኛ ካያችሁ በጊዜ አስቁሙት፤ ሲሚንቶ አይለጠጥም፣ ገንዳው ሲረግብ መሰንጠቁ አይቀርም።

ሴራሚኩን በተመለከተ ብዙ አልጨነቅም። ፖርሴሊን ውኃ የሚመጠው ከክብደቱ 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ተራ የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ውኃ ይመጥጣል። ለቆመው የፊት ገጽ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ውኃ ሊተኛበት ለሚችለው ደፍ ግን ፖርሴሊን ይሻላል። ለፖርሴሊን ለዚያ የተሠራውን የሲሚንቶ ማጣበቂያ ግዙ። በባልዲ ተበጥብጦ የሚሸጠው አየር ካላገኘ አይደርቅም፣ ፖርሴሊን ደግሞ አየር አያሳልፍም።

ለራሴ ቤት ዛሬ ቢሆን ሲሚንቶ ቦርድ በብረት ፍሬም ላይ አደርጋለሁ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ወይም ክብ ገንዳ ያለው ፎም ቦርድ ቢገዛ አይቆጭም። ብሎኬት የሚያዋጣው ከባድ የብረት ገንዳ ላለው፣ ምድር ቤት ለሚኖር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በር ለመተው ለማይሰንፍ ነው።

በየትኛውም ብትሠሩት የመጨረሻዋን ሲሊኮን ከማድረጋችሁ በፊት ገንዳውን በውኃ ሙሉት። ከንፈሩ ዝቅ ባለበት ሁኔታ ሲሊኮኑን አድርጉ፣ እስኪደርቅም ውኃው አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ባዶውን ካደረጋችሁት የመጀመሪያ ገላ ስትታጠቡ ተስቦ ይላቀቃል። ውኃውን ስትለቁ ደግሞ መክፈቻውን አንሡ፣ ባትሪ አብሩ፣ በደረቅ ሶፍት የሲፎኑን ዳዶ ዙሪያ አብሱ። ሶፍቱ ከራሰ ዳዶዋን በእጅ አጥብቁና እንደገና አብሱ።