የአሜሪካ የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ፦ የዘር ጥያቄው እንዴት ነበር?

9ኛው ጥያቄ ዘርን ይመለከት ነበር። «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ከሚለው ሳጥን ሥር የትውልድ ምንጭ የሚጻፍበት ቦታ ነበር፤ ከተሰጡት ምሳሌዎች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» መሆኑ ደስ ይላል። ሰዉ ግን በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አይስማማም ነበር። አባት ብሔሩን ይጽፋል፣ እናት «ኢትዮጵያዊት» ትላለች፣ እዚያው ተወልዳ ያደገችው ልጅ «ጥቁር» ላይ ምልክት አድርጋ ታልፍ ነበር። መልሱ የራስ ስለሆነ ሦስቱም ያስኬድ ነበር፤ ከአንድ ሳጥን በላይ መምረጥም ይቻል ነበር። ሳጥኑን ብቻ ሞልቶ መስመሩን ባዶ መተው ግን ኢትዮጵያዊነቱን ከዚያ ጥያቄ ያስቀረው ነበር። በሰማያዊ ወይም በጥቁር እስክሪብቶ፣ ፊደላቱን ለያይቶ መጻፍ ነበር፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ፊደላቱ የተያያዙበት ጽሕፈት ለማንበብ ያስቸግር ነበር። ትልቁ ጉድለት ቋንቋው ነበር፦ የአማርኛ መምሪያ ቢዘጋጅም የወረቀት ቅጹ የታተመው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነበር። እንግሊዝኛ የማያውቁ አዛውንቶች ያለ ልጆቻቸው እርዳታ መሙላት ይቸግራቸው ነበር።