ከፒትስበርግ ዲሲ በሳይክል፦ ለእርዳታ መንዳት ላሰባችሁ

አገር ቤት ለኩላሊት እጥበት የሚሆን ገንዘብ ለማሰባሰብ ብቻዬን የነዳሁት አሜሪካ ውስጥ ጋፕ እና ሲ ኤንድ ኦ የሚባሉትን የሳይክልና የእግር መንገዶች ነው፣ ሁለቱ ኩምበርላንድ የምትባል ከተማ ላይ ይገናኛሉ፣ ከፒትስበርግ ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ጆርጅታውን ሰፈር ድረስ 335 ማይል ገደማ፣ ወደ 540 ኪሎሜትር ማለት ነው፣ ከአዲስ አበባ ባህር ዳር በሉት፣ ያውም አባይ በረሃ የሌለበት። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ጭቃው ነው የበላት።

ለእርዳታ ለሚነዳ ሰው አሪፍ ያደረገው ዛፉና ወንዙ አይደለም፣ የማይል ምልክቶቹ ናቸው። በየማይሉ ቁጥር ቆሟል፣ ከፒትስበርግ ስትነሱ ከ150 እየቀነሰ ኩምበርላንድ ላይ 0 ይገባል፣ ከዛ እንደገና ከ184 እየወረደ ጆርጅታውን 0። ስለዚህ ሰዉን እርዱኝ እያላችሁ ከምትለምኑ ማይል ሽጡለት። በማይል 10 ሳንቲም ያለ ሰው በጠቅላላው 33 ዶላር ከ50 ነው የሚወጣበት፣ ሌላው ደሞ "በእድሜዬ ልክ ያለችውን ማይል ለኔ ያዝልኝ" ይላችኋል፣ እዛ ስትደርሱ ሳይክሉን ምልክቱ ላይ አስደግፋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ትልኩለታላችሁ፣ ያንን ያየ ዘመድ ደሞ "እሱ ከሰጠማ እኔስ" ይላል፣ ሀበሻ ፉክክር ውስጥ ሲገባ ታውቁት የለ።

ከዲሲ ጀምሩ የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ከዲሲ ፒትስበርግ የሚወስዳችሁ አምትራክ ባቡር ሳይክል ይጭናል፣ ግን ለሳይክሉም ቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግድ ነው፣ ፒትስበርግ የሚገባው እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ ማደሪያ ያዙ። ከፒትስበርግ ስትነሱ ዳገቱ ሳይታወቃችሁ ነው የሚያልቀው፣ ጫፉ 2,392 ጫማ ላይ ነው፣ ከዛ በኋላ እስከ ኩምበርላንድ 24 ማይል ያህል ቁልቁለት። እዛው ቁልቁለት ላይ ያለው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ በበረዶው ወራት ስለሚዘጋ ታህሳስ ጥር ምናምን አታስቡት።

ብቻችሁን መሆናችሁ ቤተሰብ የሚያስጨንቅ ከሆነ መኪና ከሞላ ጎደል አይገባበትም በሏቸው። ሲ ኤንድ ኦ እስከ 1924 ድረስ በቅሎዎች ጀልባ የሚጎትቱበት የቦይ ዳር መንገድ ነበር፣ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ በየጥቂት ማይሉ በነፃ ድንኳን መትከያ አለ፣ ጠረጴዛ፣ ሽንት ቤት፣ በእጅ የሚቀዳ ውሃ። ውሃው አዮዲን ስለሚጨመርበት መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ እኔ ሎሚ እየጨመቅኩበት ነው የጠጣሁት። ነፃ መሆኑ ግን ትልቅ ነገር ነው፣ ሰው ለበሽተኛ ብሎ በሰጠው ብር ሆቴል አደረ የሚል ሀሜት አይመጣም። ፖ ፖ ዋሻ ጋ ስትደርሱ ውረዱና ግፉ፣ 3,118 ጫማ ርዝመት አለው፣ መብራት የለውም፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ከላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ባትሪ ይዛችሁ የእንጨት መደገፊያውን ብታዩት የበቅሎዎቹ ገመድ የቦረቦረው ቦታ አሁንም ይታያል።

ጭቃው ደሞ... ጋፕ የተፈጨ ድንጋይ ስለሆነ ዝናብ አይበግረውም፣ ሲ ኤንድ ኦ ግን ብዙ ቦታ አፈር ነው፣ ከዘነበ ፓራፋንጎ ውስጥ ጭቃ ተጠቅጥቆ ጎማው አልዞር ይላል፣ በየመሀሉ ቆሞ በእንጨት መፋቅ ነው። ቀጭን ጎማ ይዛችሁ አትምጡ፣ ትርፍ ካላማዳሪም አይለያችሁ። ሲ ኤንድ ኦ ላይ ሀንኮክ የምትባል ከተማ አካባቢ ከጎን የሚሄድ አስፋልት የሳይክል መንገድ አለ፣ ዌስተርን ሜሪላንድ ይባላል፣ ከዘነበ ሳታንገራግሩ ወደሱ ውጡ፣ ከ25 ማይል በላይ ጭቃ ያስመልጣችኋል።

ብሩን በተመለከተ፣ በኢንተርኔት እርዳታ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ከእያንዳንዱ ስጦታ 2.9 ፐርሰንትና 30 ሳንቲም ይቆርጣል፣ ትንሽ ይመስላል ግን 20 ሰው አምስት አምስት ዶላር ቢያስገባ ወደ 9 ዶላር ይሄዳል፣ ያንኑ 100 ዶላር አንድ ሰው ሰብስቦ ባንዴ ቢያስገባው 3 ዶላር ከ20 ብቻ ነው። ስለዚህ የማህበሩን፣ የእድሩን፣ የመስሪያ ቤቱን ብር አንድ የታመነ ሰው ይሰብስብና የሰጪዎቹን ስም ጽፎ ያስገባ። ገንዘቡ የሚወጣው እዚህ አሜሪካ ባለ አካውንት ስለሆነ አገር ቤት በምን መንገድ እንደሚገባና ደረሰኙን ማን እንደሚልክ ሳትነሱ በፊት ንገሯቸው፣ በኋላ ከመጨቃጨቅ።

አንድ የረሳሁት፣ ጆርጅታውን ያለችው የ0 ማይል ምልክት ቶምሰን ጀልባ ቤት ጀርባ የተደበቀች ስለሆነች ሊቀበሏችሁ የሚመጡትን "ጀልባ ቤቱ በር ጋ" ብላችሁ ቅጠሯቸው፣ ፓርኪንጉ ስለሚሞላም ቀደም ብለው ይምጡ።