አሶሼት ዲግሪ ጨርሶ መዛወር ወይስ ክሬዲት ይዞ በመሃል መውጣት? ለቨርጂኒያ ተማሪዎች ንጽጽር

ኖቫም (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ሆነ ሌላ የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚማር ሰው 30 ክሬዲት አካባቢ ሲደርስ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «60ውን ክሬዲት ሞልተህ አሶሼት (የሁለት ዓመት) ዲግሪህን ያዝ» ይለዋል፣ ሌላው «ጊዜህን አታቃጥል፣ አሁኑኑ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አድርግ (ተዛወር)»። ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ አለ። የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ምን ለመስጠት እንደተፈራረመ ነው።

ከዚያ በፊት ግን የዲግሪውን ዓይነት ይዩ። ኤ.ኤ እና ኤ.ኤስ የሚባሉት አሶሼት ዲግሪዎች ለመዛወር የተሠሩ ናቸው፤ ኤ.ኤ.ኤስ ደግሞ ተመርቆ በቀጥታ ሥራ ለመግባት። ኮምፒውተር ልማር ብሎ ስሙ ተመሳስሎበት ኤ.ኤ.ኤስ ውስጥ የተመዘገበ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው ብዙዎቹን ኮርሶች አልቀበልም ሊለው ወይም «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) ብሎ ሊመዘግብለት ይችላል። ክሬዲቱ ተቆጠረ፣ የሜጀሩ (የዋናው የትምህርት ዘርፍ) ቦታ ግን ባዶ ነው። 12 ክሬዲት እንዲህ ከቀረ አንድ ሙሉ ሴሚስተር በዩኒቨርሲቲ ዋጋ ይከፈላል።

ጨርሰው ሲሄዱ ትልቁ ጥቅም የመግቢያ ዋስትናው ነው። ኮሌጆቹ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተፈራረሟቸው ስምምነቶች በአብዛኛው ለመዛወር የተዘጋጀውን ዲግሪና የተወሰነ ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይጠይቃሉ። ሦስት ክሬዲት ጎድሎት የሄደ ሰው ዋስትናው የለውም፣ እንደ ማንኛውም አመልካች ይወዳደራል። በተጨማሪም ኤ.ኤ ወይም ኤ.ኤስ የያዘ ተማሪ የታችኛው ደረጃ ጄኔራል ኤጁኬሽን (ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸው መሠረታዊ ኮርሶች) በጥቅሉ እንደተጠናቀቀ ይቆጠርለታል፤ ያለ ዲግሪ የሄደው ግን እያንዳንዱ ኮርሱ ለየብቻ ይመዘናል። ግዛቱ ለሚዛወሩ ተማሪዎች የሚሰጠው እርዳታም ዲግሪውንና 3.0 ጂፒኤ ይጠይቃል። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ላሰበ የኖቫ ተማሪ «አድቫንስ» የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት ካልገቡበት ግን ሊያመልጥ ይችላል።

በመሃል መውጣት የሚያዋጣው ሜጀሩ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው የሚገነባ ሲሆን ነው። አርክቴክቸር ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የስቱዲዮው (የንድፍ ሥራው) ኮርስ በቀደመው የስቱዲዮ ኮርስ ላይ ስለሚቆም፣ ኮሌጅ ሁለት ዓመት መቆየት ከዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት አይቀንስም። ከኮሌጅዎ ጋር ስምምነት የሌለው የግል ዩኒቨርሲቲም ዲግሪውን ከቁብ ላይቆጥረው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቢያንስ 16 ክሬዲት ያለውን «ፓስፖርት» የሚባል የኮርሶች ጥቅል ወይም 30 ክሬዲት ያለውን የጄኔራል ስተዲስ ሰርተፍኬት ጨርሶ መውጣት ይሻላል፤ የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን በጥቅል ለመቀበል የተዘጋጁ ናቸው። የወጣ ሰው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ያገኘውን ክሬዲት ወደ ኮሌጁ መልሶ አሶሼቱን ሊያገኝ ይችላል፣ የመግቢያ ዋስትናው ግን አብሮ አይመለስም።

በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ገንዘብ የሚበላው የኮርስ ስህተት ነው። ኤምቲኤች (የሒሳብ ኮርስ) 261 እና ኤምቲኤች 263 ሁለቱም ካልኩለስ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለቢዝነስ የሚሆን፣ ሁለተኛው ኢንጂነሪንግና ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልጉት። ፊዚክስም እንዲሁ፦ 201ን ወስዶ ኢንጂነሪንግ የገባ ተማሪ 241ን እንደገና ይማራል። ሒሳቡ ደግሞ ሰንሰለት ነው። ከ167 የጀመረ ተማሪ 263፣ 264 እና 265 ለመድረስ በሴሚስተር አንድ እየወሰደ አራት ሴሚስተር ያስፈልገዋል። 263 ላይ አቋርጦ ከወጣ የቀረውን በውድ ዋጋ ይጨርሳል፤ ለዚህ ተማሪ ዲግሪው እስኪያልቅ መቆየት ምንም አያዘገየውም። «ዲ» ያገኙበት ኮርስ በአብዛኛው አይሻገርም።

ነርሲንግ ስለ ኤ.ኤ.ኤስ ከላይ ያልነውን ይገለብጣል። የአሶሼት ነርሲንግ ዲግሪ ኤ.ኤ.ኤስ ቢሆንም የኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ) ፈተና አስፈትኖ አር.ኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ያደርጋል፤ ባችለሩ (የአራት ዓመቱ ዲግሪ) ከዚያ በኋላ እየሠሩ ይሞላል። እዚህ ላይ በመሃል መውጣት እምብዛም አንመክርም።

ካሊፎርኒያ ላሉ፦ ለካል ስቴት (ለካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ) የተዘጋጀው የአሶሼት ዲግሪ ለትራንስፈር እዚያው ሥርዓት ውስጥ ቦታ ያስገኛል። ከዩሲ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ካምፓሶች ስድስቱ የሚሰጡት የመግቢያ ዋስትና ግን ዲግሪ አይጠይቅም፤ የሚያዩት የሜጀሩን ኮርሶችና ጂፒኤውን ነው።

ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ተደምሮ ለ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ብቻ ነው የሚከፈለው። በኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ያሉ ተማሪዎች ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ሴቪሳቸውን (የቪዛ ተማሪ የመንግሥት መዝገባቸውን) ለማዛወር 60 ቀን አላቸው።

ለመጨረስ ከወሰኑ የምርቃት ማመልከቻውን በመጨረሻው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ ያስገቡ። ትራንስክሪፕቱን (የውጤት ማስረጃውን) ደግሞ ዲግሪው ከተመዘገበ በኋላ እንደገና ይላኩ፤ በጥድፊያ ቀድሞ የተላከው ላይ 60 ክሬዲት እንጂ ዲግሪ አይታይም፣ ዩኒቨርሲቲውም ጄኔራል ኤጁኬሽኑን አንድ በአንድ መመዘን ይጀምራል።