ሲነሳ የሚደርቀው ዴስክቶፕ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ፣ ከመሐል ሜዳ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ያገለገለ ዴስክቶፕ መግዛት ያዋጣል። ግን እንደ መንዝ ባለ ብርዳማ አገር የሚሠራበት ሰው፣ ለፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ ለሚያከፋፍለው ሳጥን) እና ለኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር ለሌለው የፋይል ማስቀመጫ) የሚሆን ብር ከጎን ይያዝ።

የእኔው ከውጭ አገር ቢሮዎች ተሰብስቦ ከሚመጣው፣ ቀጠን ካለው ዓይነት ነው። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። እዚህ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ ላይ ነው የዋለው። የመምህራን ፈተና ይተየብበታል፣ ማመልከቻ ይጻፍበታል፣ መታወቂያ ኮፒ ይደረግበታል። ለዚህ ሥራ ፍጥነቱ በቂ ነው፣ ድምፁም አይረብሽም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ጣጣው ያለው አነሳሱ ላይ ነው።

ክረምቱን ደህና ከረመ። ጥቅምት ገብቶ ውርጩ ሲጀምር ጠባዩ ተለወጠ። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ስጫነው ማራገቢያው ይዞራል። ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይመጣ ድርግም ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ራሱን ያስነሳል። እንዲህ ሲል ይቆይና በመጨረሻ ይነሳል። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ ምንም እንዳልነበረበት ይሆናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሎጎውን ያልፍና የዊንዶውስ ነጠብጣቦች እየዞሩ ሳለ ይደርቃል።

ለጥገና ስወስደው የመጀመሪያው መልስ «እትዬ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው» የሚል ነበር። ይህ መልስ በየከተማው የተለመደ ነው፤ እኔን ግን ከልቤ ያናድደኛል። ዊንዶውስ ገና ሥራ ሳይጀምር የሚጠፋን ማሽን ፎርማት አያድነውም። የሰው ፈተናና ማመልከቻ ግን ይዞ ይጠፋል።

በእነዚህ ወራት የያዝኩት ዘዴ የቆመበትን ቦታ ማየት ነው። ሎጎው ሳይመጣ የሚጠፋ ከሆነ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ፣ የራም ወይም የማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ነው። ሎጎው ላይ የሚቀር ከሆነ የተሰካውን ፍላሽና ፕሪንተር ነቅላችሁ እዩት፤ የዲስኩን ገመድም ፈትሹ። ነጠብጣቦቹ ላይ ከደረቀ ዲስኩን፣ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ከዕቃዎቹ ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም) ወይም የዊንዶውስ ፋይሎችን ጠርጥሩ። ከገባ በኋላ የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞችና ሙቀቱን።

የእኔው ሁለት የተለያየ በሽታ ነበረበት። የጠዋቱ መጥፋት ከፓወር ሰፕላዩ ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ዕቃዎች) ዕድሜያቸው ሲገፋ ይደክማሉ፤ ብርድ ሲጨመርበት አቅማቸው ይብስ ይቀንሳል። ስለዚህ ማሽኑ ሲነሳ በአንድ ጊዜ የሚጠይቀውን ኃይል አስተካክለው መስጠት ያቅታቸዋል። ሞቅ ሲሉ ይሻላቸዋል። ለማረጋገጥ ሃርድ ዲስኩንና ሲዲ ማጫወቻውን ነቅዬ፣ አንድ ራም ብቻ ትቼ አስነሳሁት። ያው ነው። ራሙን አውጥቼ የወርቅማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ጠርጌ መለስኩት። ይህን ማንም ሊያደርገው ይገባል፤ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በርና በሞላሌ በኩል ተጭኖ እዚህ የሚደርስ ዕቃ እየተንገጫገጨ ነው የሚመጣው፣ ራምና ገመድ ይላላል። እሱም ያው ሆነ። ከዚያ ከአንድ ተመሳሳይ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ተውሼ ስሰካበት፣ በዚያው በውርጩ ጠዋት አንዴ ሲጫን ተነሳ።

ምትክ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። የእነዚህ ቀጫጭን ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ቅርጹም ሶኬቱም ከተለመደው ሊለይ ይችላል። አሮጌውን ግን ራሳችሁ አትክፈቱት። ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

የመስመሩንም ነገር አትርሱ። መብራታችን በስሙ 220 ቮልት ነው። ነገር ግን በአንድ መስመር ላይ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ይወርዳል፤ አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ኮምፒውተራችሁ የሚያስቸግረው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑን ከመክሰስ በፊት ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ሞክሩ።

ሁለተኛው በሽታ ሃርድ ዲስኩ ነበር። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስመረምረው ጤናው ቢጫ አሳየ። የተበላሹ ቦታዎቹ በዝተዋል። እዚህ ላይ የመንዝ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ሲሳሳ ያ ክፍተት ይጠባል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ለተለመዱት ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ብለው የሚጽፉት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የእኔው ዲስክ ዕድሜውም የገፋ ነበር፤ ከፍታው ደግሞ አያግዘውም። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ አይመለከተውም። 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ከገባለት ወዲህ ነጠብጣቦቹ ላይ ደርቆ አያውቅም። አነሳሱም እጅግ ፈጥኗል። ለማሽኑ ካወጣሁት ሁሉ ደስ ያለኝ ይሄ ወጪ ነው።

የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ሳላነሳ አላልፍም። ሲአር2032 ይባላል፣ ባለ 3 ቮልት ነው። ሲያልቅ ሰዓቱ ወደ አሮጌ ቀን ይመለሳል፣ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቅንብርም ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። በዚህ መሃል የዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ (AHCI) ወደ ሬይድ (RAID)፣ ማለትም ባዮሱ ውስጥ ካለው አንዱ የዲስክ ቅንብር ወደ ሌላው፣ ከተቀየረ ዊንዶውስ ሊነሳ ሲል በሰማያዊ ስክሪን ይወድቃል፣ ሪስታርት ያደርጋል፣ ደግሞ ይወድቃል። ብዙ ጤነኛ ዲስክ በዚህ ምክንያት በከንቱ ፎርማት ተደርጓል። ሰዓታችሁ ከተዛባ ባትሪውን ቀይሩና ቅንብሩን ወደ ነበረበት መልሱ።

ሰማያዊው ስክሪን ሳይነበብ ከጠፋባችሁም መንገድ አለው። ዊንዶውስ በተከታታይ ለመነሳት ሲያቅተው የጥገና ገጽ ያመጣል። እዚያ ወደ ላቀው አማራጭ (Advanced options)፣ ቀጥሎም ወደ ስታርታፕ ሴቲንግ ግቡ። 9 ቁጥርን ብትጫኑ ሲወድቅ ራሱን ሪስታርት ማድረጉን ያቆማል፤ ኮዱን ታነባላችሁ። 4 ቁጥር ሴፍ ሞድ ነው፤ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት። በሴፍ ሞድ ደህና ከሠራ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ወይም አብሮ ወደሚነሳ ፕሮግራም ያደላል። ከሁሉ በፊት ግን ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ።

አንድ የማልወድለት ነገር አለ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ አሁን ለሚገዛ ሰው፣ ጥቂት ብር ጨምሮ ስምንተኛ ትውልድ ቢወስድ ይሻለዋል።

ሱቅ ሄዳችሁ ስትመርጡ፣ ተነስቶ የሚጠብቃችሁን ማሽን አይታችሁ ብቻ አትክፈሉ። ነቅላችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ከዚያ ራሳችሁ ሰክታችሁ አስነሱት፤ የባዮሱን ሰዓትና የዲስኩን ጤናም እዩ። ከተቻለ በጠዋት ሂዱ።