የኤአይ ኮድ ረዳት፦ በዶከር ወይስ በቨርቹዋል ማሽን?

እንደ ክሎድ ኮድ ያለ ረዳት ትእዛዝ ራሱ ያስኬዳል፤ ፋይል ይሰርዛል፣ ፓኬጅ ይጭናል። ስለዚህ መመዘኛው «ረዳቱ ሲሳሳት ጉዳቱ የት ድረስ ይደርሳል?» የሚለው ነው።

ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተከለለ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ቀላል ነው፤ በሰከንዶች ይነሳል፣ ራምም ብዙ አይፈጅም። ሊኑክስ ላይ ግን ከርነሉን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ከዋናው ማሽን ጋር ይጋራል። ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ ረዳቱ ኮንቴይነር ማስነሳት እንዲችል ተብሎ የዶከር ሶኬትን (ዶከር ትእዛዝ የሚቀበልበትን በር) ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ሶኬቱን የያዘ ዋናውን ማሽን እንደ ሩት (ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ተጠቃሚ) ያዝዛል፤ አጥሩ ፈረሰ ማለት ነው።

ቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር) የራሱ ከርነል አለው። ቨርቹዋልቦክስ (ቨርቹዋል ማሽን መፍጠሪያ ፕሮግራም) ላይ ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን 2 ሲፒዩ፣ 4 ጊጋባይት ራምና 40 ጊጋባይት ዲስክ ለመነሻ ይበቃል። ራሙ 2 ላይ ከቀረ ትልቅ ፕሮጀክት ሲገነባ ራሙ አልቆ ከርነሉ ፕሮሰሱን (እየሄደ ያለውን ፕሮግራም) ሊገድለው ይችላል፤ የሚታየው «ኪልድ» የሚል ቃል ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ጥፋቱን ረዳቱ ላይ ይፈልጋል።

ኮዱን በሼርድ ፎልደር (ዋናው ማሽንና ቨርቹዋል ማሽኑ በሚጋሩት ፎልደር) አያስገቡ። እዚያ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ) ካልተፈቀደለት አይሠራምና የኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ መጫኛ) ጭነት ሊከሽፍ ይችላል፤ የፋይል ለውጥ የሚከታተሉ መሣሪያዎችም በዋናው ማሽን የተደረገውን ለውጥ አያዩም። በጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ መሣሪያ) ክሎን ያድርጉ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽኑ ይቅዱ፤ የራስዎን የኤስኤስኤች ቁልፍ (እንደ ይለፍ ቃል ማንነት የሚያረጋግጥ ፋይል) ሳይሆን ለዚያች ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ብቻ የሚሠራ ቁልፍ ይስጡት። ሁሉም ሲስተካከል፣ ረዳቱ ሥራ ሳይጀምር፣ ስናፕሾት (ማሽኑን ወደነበረበት ለመመለስ የሚያስችል ቅጂ) ይውሰዱ።

ኤንኤቲ (ማሽኑ በዋናው ማሽን አድራሻ ወደ ኔትወርክ የሚወጣበት ዘዴ) ማሽኑን ከውጭ ይሸፍነዋል እንጂ ከውስጥ ወደ ቢሮው ኔትወርክ እንዳይወጣ አያግደውም። በሁለቱም ምርጫ ይህን የሚከለክለው ፋየርዎል ነው።

ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው ዶከርን፣ 16 ካለው ያለማመንታት ቨርቹዋል ማሽንን እንመርጣለን።