«መብራት ያጠፋል» ተብሎ የተሸጠልኝ ኮድ አንባቢ

ከመሪው በታች ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ ተሰክቶ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘውን አነስተኛ የመኪና ብልሽት ኮድ አንባቢ ከገዛሁ ወራት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ወራት ለዕቃው ያለኝን ግምት የወሰነው አንድ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሻጩ ጨርሶ ያላነሣልኝ ነው። ሻጩ «ቼክ ኢንጂን መብራት (የሞተር ብልሽት ማስጠንቀቂያውን) ያጠፋል» እያለ አወደሰልኝ፤ ግን የሞተሩ ኮምፒውተር በየቅጽበቱ የሚለካውንና የሚወስነውን በቁጥር እንደሚያሳይ አልተናገረም። እኔን ያተረፈኝ ግን ይኸው ነው።

መኪናዬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2004 ሥሪት የሆነች፣ ለአውሮፓ ገበያ የተመረተች የቤንዚን አውቶሞቢል ናት። መብራቱ በርቶ አልጠፋ ሲል፣ ሞተሩም በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጥ ቆሞ ሲሠራ) መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ አንድ ጋራዥ ወስጄ ኮምፒውተር አስነበብኩ፤ የወጣው ኮድ ፒ0171 ነበር። ባለሙያው ኮዱን እንዳየ «ጋሼ፣ ኦክሲጅን ሴንሰሩ ሞቷል፤ ይቀየር» አለኝ። ኮዱ ግን እንዲህ አይልም። ፒ0171 የሚለው፣ የሚቃጠለው ድብልቅ አየር የበዛበትና ቤንዚን ያነሰው መሆኑን፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን እየጨመረ ለማስተካከል ሞክሮ ከገደቡ መድረሱን ነው። ይህን ለኮምፒውተሩ የነገረው ደግሞ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክሲጅን የሚለካው ራሱ ኦክሲጅን ሴንሰሩ ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ሐሰት ሊናገር ይችላል፤ እውነቱን ተናግሮም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል አንድም ምርመራ ግን አልተደረገም። የሴንሰሩ ዋጋ ቀላል ስላልነበረ አንባቢውን ገዝቼ ራሴ ለማየት ወሰንኩ።

የቤንዚን ሞተር አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለማቃጠል ወደ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ የሚገባውን አየር በመግቢያው ላይ በተተከለ ሴንሰር ይለካል፣ ለዚያ የሚመጥን ቤንዚን ያስረጫል፣ ከዚያም በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክሲጅን ሴንሰር የሚነግረውን ተከትሎ የሚረጨውን በመቶኛ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ይህ የነዳጅ ማስተካከያ በስልኩ ላይ በሁለት ቁጥር ይታያል፤ አንደኛው ለቅጽበቱ የሚደረገውን፣ ሁለተኛው ኮምፒውተሩ በጊዜ ብዛት የለመደውን ማስተካከያ ያመለክታል። በደህና ሞተር ላይ ሁለቱ ተደምረው ከዜሮ ብዙም አይርቁም፤ 10 በመቶን ካለፉ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

በእኔ መኪና ላይ፣ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ድምሩ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ተገኘ። ነዳጅ ሰጥቼ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ስይዘው ግን ወደ 5 በመቶ ወረደ፤ ስለቀው ተመልሶ ወጣ። የዚህን ቁጥር መውጣትና መውረድ ያየ ሰው ሴንሰር ለመግዛት አይቸኩልም። ሴንሰሩ ሐሰት የሚናገር ቢሆን ኖሮ ዙሩ ስለጨመረ ብቻ ወደ እውነት አይመለስም ነበር። የቤንዚን ፓምፑ ደክሞ ወይም ፊልትሮው ተደፍኖ ከሆነም፣ ችግሩ የሚብሰው ሞተሩ ብዙ ቤንዚን በሚጠይቅበት ጊዜ ነው። በሚኒሞ ላይ ብሶ ዙር ሲጨምር የሚቀንስ ጉድለት የሚጠቁመው ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየርን ነው፤ ምክንያቱም ቀዳዳው ያው ሆኖ ሳለ፣ ሞተሩ ጥቂት አየር በሚስብበት ጊዜ ሾላኪው አየር ትልቅ ድርሻ ይይዛል፣ ብዙ በሚስብበት ጊዜ ደግሞ ከጠቅላላው አንጻር እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል።

የቀረው በዓይንና በእጅ መፈለግ ነበር። ከስሮትሉ (የሚገባውን አየር ከሚከፍተውና ከሚዘጋው በር) በኋላ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ስዳስስ፣ የሞተሩን የውስጥ ጭስ ወደ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ክፍል) የሚመልሰው ቱቦ ከመታጠፊያው ሥር ተሰንጥቆ አገኘሁት። ስንጥቁን በጣቴ ስደፍነው በስልኩ ላይ ያለው ቁጥር ዓይኔ እያየ ወረደ፤ ስለቀው ወጣ። ለዓመታት መኪና ስነካካ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ መልስ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ቱቦውን ከሶማሌ ተራ ገዝቼ በፒንሳና በካቻቢቴ ቀየርኩት፤ ኦክሲጅን ሴንሰሩ ዛሬም ከቦታው ሆኖ ሥራውን በሚገባ እየሠራ ነው።

እንግዲህ «መብራት ያጠፋል» እያሉ ለሚሸጡት ሁሉ የምለው አለኝ። መብራት ማጥፋት የዚህ ዕቃ ትንሹና አደገኛው ችሎታ ነው። ኮዱ ሲሰረዝ አብሮት የሚሰረዝ ነገር አለ፤ ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የሞተሩ ሙቀት፣ ዙርና ጭነት ምን ያህል እንደነበረ የሚያሳየው ምዝገባ ይጠፋል፣ መኪናው በራሱ ላይ ያጠናቀቃቸው የፍተሻ ውጤቶችም እንደገና ከመነሻው ይጀምራሉ። መብራቱን አስቀድሞ የሚያጠፋ ሰው ማስረጃውን በእጁ ያቃጥላል፤ ስንጥቁ ካለበት ስላልተነካ መብራቱ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይበራል፣ ደንበኛውም «ዕቃው አይሠራም» ብሎ ይማረራል። ሻጮች ይህን ቢያስረዱ ገበያቸው ይደራ ነበር እንጂ አይቀንስም።

«ለሁሉም መኪና ይሆናል» የሚለውም ሊታረም የሚገባው አባባል ነው። ይህ የምርመራ ሥርዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ከ1996 ሥሪት ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ለቤንዚን አውቶሞቢሎች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ለሌላ ገበያ የተመረቱ መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ባለ16 ፒኑ ሶኬት ቢኖራቸውም፣ በዚያ ዘመን የተሠሩት አንዳንዶቹ መደበኛውን ጥያቄ አይመልሱም። በሚመልሱትም ላይ ቢሆን ርካሹ አንባቢ የሚደርሰው እስከ ሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ የኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ)፣ የኤርባግና የቁልፍ ጉዳዮች በአብዛኛው ከአቅሙ በላይ ናቸው። በገበያ ላይ «ኢኤልኤም 327» የሚል ጽሑፍ የያዙት ርካሽ አንባቢዎች የካናዳው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የሠራው ቺፕ ቅጂዎች ናቸው፤ ድርጅቱ ራሱ በ2022 ሥራ አቁሟል። ቅጂዎቹ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዶቹ የጥያቄውን ግማሽ መመለስ ይሳናቸዋል።

ሶኬቱ ቁልፉ ቢዘጋም ከባትሪው ኃይል ስለሚያገኝ፣ መኪናውን ለቀናት የሚያቆም ሰው አንባቢውን ይንቀል።

«መኪና በኮምፒውተር ከሆነ ወዲህ ባለቤቱ ከኮፈኑ ሥር ምንም አይሠራም» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። በዲኤክስ ኮሮላ ዘመን ካርቡራተር የምናስተካክለው በጆሮና በማሽተት ነበር፤ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ያንን አስተካክሎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድም እንደገና ሌላ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ራሱ ያስተካክላል፤ የሚጠይቀው ሰው ካለ ደግሞ ያስተካከለውን በመቶኛ ይናገራል። ዕውቀታችን ጨምሯል ብዬ አምናለሁ፤ የጎደለን የሚነበበውን የሚያስረዳን ሰው ነው።

የሚያሳስበኝ ወደፊት የሚመጣው ነው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በመንገዳችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። በእነዚህ መኪኖች የነዳጅ ማስተካከያ የሚባል ቁጥር የለም፤ ባለቤቱ ሊያውቀው የሚገባው የባትሪው የየሴሉ ቮልቴጅና ሙቀት ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው አምራቹ ብቻ በሚያውቀው አጠያየቅ የተሸፈነ ነው። መኪናውን ለገዛው ሰው የመኪናውን የምርመራ ቁጥሮች መከልከል ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ አስመጪዎችም ከመለዋወጫው ጋር የምርመራውን መረጃ እንዲያቀርቡ ገዢዎች ከአሁኑ መጠየቅ አለባቸው።

የቤንዚን መኪና ላለው ሰው ግን ይህን ዕቃ ያለ ማመንታት ግዛ እላለሁ፤ ያወጣሁበት ገንዘብ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ኮምፒውተር ለማስነበብ ከሚከፈለው አይበልጥም። ስትገዛ ሻጩ መብራት ሲያጠፋ አትመልከት። መኪናህን ሱቁ በር ላይ አቁመህ ሞተሩን አሙቅ፣ የነዳጅ ማስተካከያውን ገጽ አስከፍት፣ ከዚያም ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ ቁጥሮቹ ወዲያው የሚንቀሳቀሱ መሆናቸውን ተመልክተህ ክፈል።